ሩብ ዙር

ሙስ ጆ ውስጥ፣ በጥር፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት፣
ሌሊቱን የምጠብቀው ልብስ ማጠቢያ ቤት፤
ከላይ አሥራ ሁለት ማሽን፣ ከታች ምድር ቤት፣
ምድር ቤቱ ውስጥ ዳርያ፣
አንድ ስኔር፣ አንድ ቁልፍ፣ አንድ አሮጌ ወንበር፣
እና እስከዚያ ሌሊት ያልተገኘ ድምፅ ነበር።

ስኔሩ የናስ ነው፤ ጎኑ ላይ ስርጉድ አለ፣
ከመያዣ ቤት በስልሳ ዶላር የተገዛ፤
ማን ይመታው እንደነበር፣ ማን እንዳስያዘው፣
የማን ቁጣ እንደሆነ ጎኑን ያጎደጎደው፣
የሚያውቅ የለም።

አሥር ብሎን አለው ዙሪያውን።
አንዱን ስታጠብቀው ማዶ ያለው ያኮርፋል፣
ያንን ስታባብል ይሄኛው ይጮኻል፤
ውርስ ሊካፈሉ የተቀመጡ ወንድማማቾች ናቸው፣
ላንዱ ሩብ ዙር ካደላች፣ በዘጠኝ አፍ ነው ክሳቸው።

በዱላዋ ጫፍ ከየብሎኑ ሥር ትነካለች፤
ጆሮዋን አስጠግታ፣ ትንፋሿን ይዛ ታዳምጣለች።
«ጣሳ» ትላለች። ታላላለች።
«እርጥብ ካርቶን» ትላለች። ታጠብቃለች።
አንዴም «የአማቴ በር!» ብላ ሳቀች፤
አማት እንዳላት ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

የላይኛው ቆዳ አይደለም፣ አለችኝ፣ ነገረኛው የታችኛው ነው፤
ስስ ነው፣ ማንም አይመታው፣ ማንም አያየው፤
ሃያ ቀጭን ሽቦ ደረቱ ላይ አስተኝቶ፣
የላይኛውን ምት ሰምቶ፣
መልስ የሚሰጠው እሱ ነው።

ሽቦው ደግሞ ወሬ ይወዳል።
ከላይ አራተኛው ማሽን ብርድ ልብስ ሲጨምቅ፣
የእህል ባቡር ሐዲዱ ላይ ሲሳብ ከሩቅ፣
ማንም ሳይነካው ብቻውን ያንሾካሹካል፤
እኔ ሳስነጥስ እንኳ፣ ይማርህ ይለኛል።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት።
ብዙ ዝም አለች። ቁልፉን ጉልበቷ ላይ አኖረች።
«ሌሊቱን በረዶ ጥሎ፣ ንፋሱ ላዩን አጠንክሮት፣
ገና ውሻ እንኳ ሳይረግጠው፣
ከቤቱ ቀድሞ የወጣ ሰው
የመጀመሪያ እርምጃው —
ቅርጭ።
እሱን። ከሱ ያልበለጠ፣ ከሱ ያላነሰ።»

ቀረጻው ሐሙስ ነው፤ አራት ቀን ቀርቷታል።
ጨርቅ ጣለችበት፣ ታፈነ። ፕላስተር ለጠፈችበት፣ አነከሰ።
«ቦርሳህን አውሰኝ» አለች፣ «የኪስ ቦርሳህን፤
የድሮ መቺዎች እንዲህ ያደርጉ ነበር።»
ሰጠኋት። ቆዳው ላይ አስቀመጠች፤ መታች።
ድብ።
ዱቄት የሞላው ጆንያ ከጫንቃ ሲወድቅ እንደሚለው።
«ወፍራም ነው» አለች። «ምን ይዘህ ነው?»
«የቤት ኪራይ» አልኳት፣ «የማክሰኞ።»

ማክሰኞ ከፈልኩ።
ረቡዕ ሌሊት፣ የአረጋውያኑን ቤት አንሶላ አጣጥፌ ስጨርስ፣ ወረድኩ።
ቦርሳዬ ውስጥ የቀረው የአውቶቡስ ካርድና የደበዘዘ ደረሰኝ፤
ጠፍጣፋ፣ ልል፣ አፍሮ የተሸማቀቀ ቦርሳ።
ጫፉ ላይ ብቻ፣ ከሦስተኛው ብሎን ፊት አሳረፈችው፣
እጇን አነሣች።

ቅርጭ።

ሁለታችንም አልተናገርንም።
ደግማ መታች፤ እሱው ነው። ደግማ፤ እሱው።
ከላይ አራተኛው ማሽን መሽከርከር ጀመረ፣
ሽቦው ለራሱ የሆነ ነገር ተናገረ።
«ወጥቼ ላጥፋው?»
«ተወው» አለች፣ «እሱም ይኑርበት።»
ቀጥላም፣ ቁልፏን ኪሷ እየከተተች፣
«እስከ ነገ ማታ ቦርሳህን እንዳትሞላው» አለች።
«አይዞሽ» አልኳት፣ «ደመወዝ በሁለት ሳምንት ነው።»

ንጋት ላይ ቆልፌ ወጣሁ።
ብርዱ ትንሽ ለዝቦ፣ ሌሊቱን ጥሎ ነበር፤
ሜይን ስትሪት ላይ ጎማ አላለፈም፣ ውሻ አልረገጠም።
እግሬን አነሣሁ፤ አሳረፍኩ፤
ቆምኩ።
አንገቴን ዘንበል አድርጌ አዳመጥኩ።
ጥሩ ነው። ግን ትንሽ —
ሩብ ዙር ያህል —
ጠብቋል።